የቦይለር ቧንቧ የሚገባበት ቀዳዳ በምን ይደፈን? (ደሴ፣ ሆጤ)

የሆጤ ልጅ

ሰላም ጀማዓ። ደሴ ሆጤ ነው ያለነው። ለእናቴ መታጠቢያ ቤት ባለ 50 ሊትር የመብራት ቦይለር አስገጥመናል። ለሱብሒ ውዱእ በዚህ ብርድ ቀዝቃዛ ውሃ እየነካች ጉልበቷን ስለሚያማት ነው ያስገባነው፣ አልሐምዱሊላህ ውሃው በደንብ ይሞቃል። ችግሩ ግድግዳው ነው። ገጣሚው ድሪል ስላልነበረው በመዶሻ ቀጥቅጦ ነው የበሳው፣ ለሁለት ቀጫጭን ቧንቧ ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ትቶልን ሄደ። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ከውስጥ ሴራሚክ ተለጥፎበታል፣ የሴራሚኩ ጠርዝም ተሸራርፏል። ከጦሳ የሚመጣው ንፋስ በዚያ ቀዳዳ ቀጥ ብሎ እናቴ ጀርባ ላይ ነው የሚያርፈው። ሰሞኑን ደግሞ አይጥ ጀምሯል።

የመብራት ገመዱም በዚያው ቀዳዳ ነው የገባው። ከቦይለሩ ሥር ያለችው ቫልቭ ስናሞቀው ጠብ ጠብ ትላለች፣ ግድግዳው ላይ ነጭ መስመር ሠርታለች። እኔ ያሰብኩት ቀዳዳውን በጀሶ ደፍኜ፣ የምታንጠባጥበዋን ቦታ በሲልኮን ዘግቼ፣ ቧንቧዎቹን በሙሉ በጂፕሰም ቦርድ ሳጥን መሸፈን ነው። እንዲያምርም እፈልጋለሁ፣ እንግዳ ይገባበታል። ምን ትላላችሁ?

ጦሳ ግርጌ

እህቴ አብሽሪ፣ ቀላል ነው። ጀሶ በጥብጠሽ ሞልተሽ በብሩሽ ቀለም ቀቢው። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ እኛም ቤት ጀሶ ነው።

ቧንቧ ሠሪው (ኮምቦልቻ)

እህቴ በአላህ፣ ያቺን የምታንጠባጥብ ቫልቭ እንዳትደፍኛት። ሌላውን ሁሉ ቆይተን እናወራለን፣ ይህን ግን ዛሬውኑ እወቂው።

እሷ ሴፍቲ ቫልቭ ትባላለች። ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት፣ ሰማያዊ ምልክት ባለው በኩል ነው የምትታሰረው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ 1 ሊትር ገደማ ይጨምራል። ቫልቯ ውስጥ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ነገር ስላለ ያ ትርፍ ወደ መጣበት አይመለስም። ያለው መውጫ ያቺ ትንሽ አፍ ብቻ ናት። አብዛኞቹ ግፊቱ 8 ባር አካባቢ ሲደርስ ይከፈታሉ፣ ባር የግፊት መለኪያ ነው። አፏን በሲልኮን፣ በጀሶ ወይም በቡሽ ብትዘጊው ግፊቱ በርሜሉ ውስጥ ይጠራቀማል። ሙቀት መቆጣጠሪያው አንድ ቀን ከተበላሸና ማሞቂያው ሳይቆም ከቀጠለ ቦይለሩ ይፈነዳል። ማስፈራሪያ አይደለም፣ እውነት ነው።

ጠብታው የሚያስጠላሽ ከሆነ ቫልቯ አፍ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ሰክተሽ ወደ ወለሉ ማፍሰሻ ውሰጃት። ቱቦው ቁልቁል ይውረድ፣ ጫፉ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን፣ ውሃ ውስጥም አይነከር።

አሁን ጥያቄ ልጠይቅሽ። አንድ፣ ጠብ የምትለው ስታሞቁት ብቻ ነው ወይስ ቦይለሩ ጠፍቶ አድሮም? ሁለት፣ ቧንቧዎቹ ነጭ ወይም አረንጓዴ ፕላስቲክ ናቸው ወይስ ብረት? ሦስት፣ ቦይለሩ በርቶ እያለ ቧንቧውን ወይም ሻወሩን ስትነኩ ይነዝራል? አራት፣ ቀዳዳው ውስጥ እጅሽን ስታስገቢ ይረጥባል ወይስ ደረቅ ነው? ለአራተኛው መብራቱን ከብሬከሩ አጥፍተሽ ነው እጅሽን የምትሰጂው፣ እሺ?

የሆጤ ልጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ቫልቯን አልነካትም።

ጠብ የምትለው ስትሞቅ ብቻ ነው። ሲጠፋ ትደርቃለች። ቧንቧው አረንጓዴ ፕላስቲክ ነው፣ ፒፒአር የሚሉት። ከቦይለሩ ጋር የተያያዘው በፍሌክሲብል፣ በሚተጣጠፈው ቱቦ ነው። አይነዝርም። ቀዳዳው ከላይ በኩል ደረቅ ነው፣ ከታች ግን ትንሽ ይረጥባል። ብሬከሩን አጥፍቼ ነው ያየሁት።

ቧንቧ ሠሪው (ኮምቦልቻ)

ስትሞቅ ብቻ ከሆነ ቫልቯ ሥራዋን እየሠራች ነው። ጠፍታም ሌት ተቀን ብታንጠባጥብ ኖሮ ወይ ቆሻሻ ይዟታል ወይ ከመስመር የሚመጣው ግፊት በዝቷል ማለት ነበር። ደሴ ተዳፋት ከተማ ናት፣ ከላይ ካለ ታንከር ውሃ ሲወርድ በየ10 ሜትሩ ከፍታ 1 ባር ይጨምራል። ታች ያለ ሰፈር ግፊቱ ይከብደዋል። እንደዚያ ያለ ቤት የግፊት መቀነሻ ያስፈልገዋል።

አሁን የሚያሳስበኝ የታችኛው እርጥበት ነው። እርጥብ ቀዳዳ አይደፈንም። ከደፈንሽው ውሃው ያለማቋረጥ ብሎኬቱ ውስጥ ይጠራቀምና ከወር በኋላ ቀለሙ ከግድግዳው በሌላ በኩል ተልጦ ታዪዋለሽ። መጀመሪያ ከየት እንደሚመጣ ፈልጊ። ደረቅ ሶፍት ውሰጂና በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ጠቅልይ፣ በፍሌክሲብሉ ሁለት ጫፍ፣ በኤልቦው (መታጠፊያው)፣ በኒፕሉ (አጭሯ ማገናኛ)። ቦይለሩ ሞቆ እስኪጠፋ ጠብቂና የትኛው ሶፍት እንደረጠበ እዪ። ከፍሌክሲብሉ ራስ ከሆነ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለችው ጎማ ናት፣ ትቀየራለች። ሁሉም ደረቅ ከሆነ ደግሞ ያ እርጥበት ከውጭ የሚገባ ዝናብ ነው ወይም ከሻወሩ የሚረጭ ውሃ።

ጦሳ ግርጌ ወንድሜ፣ ጀሶን ለሳሎን ተወው። ጀሶ ውሃ ይጠጣል፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይለሰልስና ይረግፋል። ቧንቧው ብረት ከሆነ ደግሞ እርጥብ ጀሶ ብረት ያዝጋል። የእናንተ ቤት የያዘው ምናልባት ደረቅ ቦታ ስለሆነ ነው።

ጦሳ ግርጌ

እሺ ጋሼ። የእኛ ኮሪደር ላይ ነው እውነትም፣ ውሃ አይነካውም። ግን ሲሚንቶስ? ሲሚንቶ ቢሞላበት ምን ይሆናል?

መብራት ሠሪ ወልድያ

ሲሚንቶው ከመምጣቱ በፊት ስለ ገመዱ ልናገር፣ ማንም ያነሳው የለም።

የመብራት ገመድና የሙቅ ውሃ ቧንቧ በአንድ ቀዳዳ ተነካክተው ማለፍ የለባቸውም። የተለመደው የገመድ ልባስ የተሠራው እስከ 70 ዲግሪ እንዲችል ነው። ቦይለሩ 65 ወይም 70 ላይ ተስተካክሎ ቧንቧው ከገመዱ ጋር ተጣብቆ በሲሚንቶ ወይም በፎም ከታሸገ፣ ሙቀቱ የሚወጣበት የለውም። ልባሱ ቀስ እያለ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ እርጥበት ሲጨመርበት ቧንቧው ይነዝራል።

ስለዚህ እህቴ፣ ገመዱን ለብቻው ሌላ ቀዳዳ ይበሳለት። ከቧንቧው ከፍ ብሎ፣ በራሱ የገመድ ቱቦ ውስጥ። በላይ በኩል የሆነበት ምክንያት ቧንቧው ቢያፈስ ውሃው ገመዱ ላይ እንዳይወርድ ነው። የተለመደው ቦይለር 1,500 ዋት ነው፣ በ220 ቮልት ወደ 7 አምፔር ይስባል። ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድና ለብቻው 16 አምፔር ብሬከር ይበቃዋል። ከሁሉ በላይ ግን ሦስተኛው ገመድ፣ አረንጓዴና ቢጫው፣ በእውነት መሬት ጋር መገናኘቱን አስፈትሺ። ብዙ ቤት ውስጥ ገመዱ አለ፣ ጫፉ ግን የትም አልታሰረም። ግቢው ውስጥ የተቀበረ የመሬት ዘንግ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጠው መከላከያ ብሬከር ቢጨመርበት ደግሞ ለእናትሽ የበለጠ ነው።

ይህ ሁሉ ሳይሆን ግድግዳውን ማስዋብ አይምጣብሽ። ከተደፈነ በኋላ ገመድ መጎተት ማለት እንደገና መስበር ነው።

የሆጤ ልጅ

ወላሂ ስለ ገመዱ አስቤው አላውቅም። ኤሌክትሪሻን እጠራለሁ። ሶፍቱን ዛሬ ማታ እጠቀልላለሁ። ጋሼ፣ ሲሚንቶውን ይመልሱልን፣ እኔም ልጠይቅ ነበር።

ቧንቧ ሠሪው (ኮምቦልቻ)

መብራት ሠሪው ልክ ነው፣ እጁ ይባረክ።

ሲሚንቶ ራሱ መጥፎ አይደለም። መጥፎው ሲሚንቶ የሙቅ ውሃ ቧንቧን አንቆ ሲይዝ ነው። ፒፒአር ሲሞቅ በጣም ይረዝማል። በየሜትሩ፣ በየዲግሪው 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። 3 ሜትር ቧንቧ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሲሄድ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ብረት ቢሆን 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። እንግዲህ ቦይለሩ በበራ ቁጥር ቧንቧው ቀዳዳው ውስጥ ወዲህ ወዲያ ይላል። በሲሚንቶ ካነቅሽው ወይ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ ወይ ቧንቧው ይጎብጣል፣ ወይ ጉልበቱ ወደ ኤልቦው ሄዶ እዚያ ማፍሰስ ይጀምራል። ቦይለር ሲሞቅ ግድግዳ ውስጥ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል፣ አንዱ ምክንያቱ እሱ ነው።

መፍትሔው ቧንቧውን ሸሚዝ ማልበስ ነው። ቧንቧሽ በውጭ በኩል 20 ሚሊ ከሆነ 32 ሚሊ የፒቪሲ ቱቦ ውሰጂ፣ የግድግዳውን ውፍረት ያህል ቁረጪ። ቧንቧውን መንቀል ካልፈለግሽ ቱቦውን በርዝመቱ በመጋዝ ሰንጥቀሽ ከፍተሽ አልብሺው። ለእያንዳንዱ ቧንቧ የየራሱ። ወደ ውጭ ትንሽ እንዲያዘነብል አድርገሽ አስቀምጪው፣ ውሃ ቢገባበት ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ደጅ እንዲወርድ። ከዚያ ሲሚንቶው በፒቪሲው ዙሪያ ነው የሚገባው፣ ፒፒአሩ በውስጡ ነፃ ሆኖ ይንሸራተታል።

ብሎኬት ባዶ ሆድ ስላለው ሲሚንቶ ስትጨምሪበት ቁልቁል እየወደቀ ይሄዳል፣ አይሞላም። ወንፊት ሽቦ አጨማደሽ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ስደጂ። ሽቦው ሲሚንቶውን ይይዛል፣ አይጡንም ይከለክላል። ቀዳዳውን በብሩሽ ከአቧራ አጽጂ፣ ውሃ አርከፍክፊበት፣ ካልሆነ ደረቁ ብሎኬት የሲሚንቶውን ውሃ መጥጦ ይወስደዋል። 1 ሲሚንቶ ለ3 ጥሩ አሸዋ፣ ወፈር አድርገሽ። በአንድ ጊዜ አትሙዪው፣ ግማሹን ሞልተሽ አሳድሪውና በማግስቱ ጨርሺ። ከሴራሚኩ ገጽ ትንሽ ገባ ብሎ ይቁም።

ፒያሳ ሱቅ

እኔ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነው የምሠራው፣ ስለ ሲልኮን ልጨምር። ሰው መጥቶ ሲልኮን ስጠኝ ይላል፣ ለምን እንደሆነ አይነግረንም። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። እሱ ለመስታወትና ለሴራሚክ ጥሩ ነው። ብረት ላይ፣ በተለይ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ላይ ከሆነ ግን አሲዱ ያዝገዋል፣ ሲሚንቶ ላይም በደንብ አይዝም። ሌላው ሽታው ቀለል ያለ ነው፣ ኒውትራል ይባላል። ለብረት ቧንቧና ለሲሚንቶ እሱን ግዙ። መታጠቢያ ቤት ከሆነ ደግሞ ሻጋታ የሚከላከል የተጻፈበትን።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ፒፒአር ላይ ሲልኮን አይጣበቅም። ይይዝ ይመስላል፣ ቧንቧው ሁለቴ ሦስቴ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ግን ዙሪያውን ልቅቅ ይላል፣ በጣት ስትስቡት እንደ ጎማ ቀለበት ወጥቶ ይመጣል። ስለዚህ በሲልኮን ብቻ ቧንቧ ዙሪያ ዘግታችሁ አትመኑ።

የሆጤ ልጅ

ታዲያ ፊት ለፊት የሚታየውን በምንድን ነው የምሸፍነው? ሲልኮን ካልያዘ?

ቧንቧ ሠሪው (ኮምቦልቻ)

ልጁ እውነቱን ነው፣ ብዙ ባለሙያ ያንን አያውቅም።

ሲልኮኑን ቧንቧው ላይ ሳይሆን ክዳኑ ላይ ነው የምታደርጊው። ገበያ ላይ ለሁለት የሚከፈት ክብ ቀለበት ክዳን አለ፣ ነጭ ፕላስቲክ ወይም የሚያብለጨልጭ። ሁለቱን ግማሽ ከቧንቧው ግራና ቀኝ አምጥተሽ ቀጭ ታደርጊያቸዋለሽ። ቧንቧ መንቀል የለም። ከኋላው ቀጭን የሲልኮን መስመር አድርገሽ ሴራሚኩ ላይ ትለጥፊዋለሽ። ቧንቧው በቀለበቱ መሐል ነፃ ይሁን። በፒቪሲውና በፒፒአሩ መካከል ያለችውን ክፍተት በለስላሳ የስፖንጅ ቁራጭ ሙያት። ንፋሱ ይቆማል፣ ቧንቧው ግን ይንቀሳቀሳል።

የአንቺ ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ ቀለበቱ የተሸራረፈውን ሴራሚክ ላይሸፍን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ከግንባታው የተረፈ ሴራሚክ ፈልጊ። አንድ ሙሉ ሴራሚክ በግራይንደር ለሁለት ቁረጪ፣ በሁለቱም ጠርዝ ላይ ለቧንቧዎቹ ግማሽ ክብ ይወጣለት። ከላይና ከታች አምጥተሽ ስትገጥሚው ሁለቱ ቧንቧዎች በመሐል ይወጣሉ። መገጣጠሚያው እንደ ሌላው የሴራሚክ መስመር ይመስላል፣ እንግዳ አያየውም። መነጽር አድርጎ ሰው ይቁረጥልሽ።

በውጭ በኩል ደግሞ ከላይና ከግራ ከቀኝ በሲልኮን ዝጊ፣ ከታች በኩል ትንሽ ክፍት ተይ። ሁሉንም ከዘጋሽው በክረምት በስንጥቅ የገባ ውሃ መውጫ ያጣል። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ይህን ታመሰግኚያለሽ። አይጥ በዚያች ክፍት እንዳይገባ ደግሞ ከ6 ሚሊ ሜትር በታች ትሁን፣ ትንሿ አይጥ በ6 ሚሊ ታልፋለች።

ጦሳ ግርጌ

ፎምስ? ያ ከቆርቆሮ የሚረጨው፣ የሚያብጠው? በአምስት ደቂቃ ሞልቶ ቁጭ ይላል።

ፒያሳ ሱቅ

ብዙ እንሸጠዋለን። ግን ለዚህ ሥራ አልመክርም። አይጥ በአንድ ሌሊት ይበላዋል። ፀሐይ ሲመታው ቡናማ ሆኖ ይረግፋል። ደግሞ እሳት ይይዛል፣ በተለይ መብራት ገመድ ያለበት ቀዳዳ ውስጥ። በጣም ያብጣል፣ ቀጭን ሴራሚክ ሲገፋ አይቻለሁ። የግድ ካላችሁ ገመድ በሌለበት፣ ውስጡ ወንፊት ሽቦ ገብቶ፣ ሁለቱም ፊት በልስን ከተሸፈነ ብቻ።

ሐይቅ ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ተከታትዬ እያነበብኩ ነው፣ ጥሩ ነገር እየተነገረ ነው። የእኔ ቤት ሐይቅ ነው፣ የጭቃ ግድግዳ ነው፣ በሲሚንቶ የተለሰነ። 30 ሊትር ቦይለር ገዝተናል፣ ገና አልተሰቀለም። ቧንቧው የሚያልፍበትን በሲሚንቶ ልድፈነው?

ቧንቧ ሠሪው (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ እንኳን ሳትሰቅለው ጠየቅህ።

መጀመሪያ ስለ ማንጠልጠያው። 30 ሊትር ውሃ 30 ኪሎ ነው፣ ከራሱ ከቦይለሩ ብረት ጋር ሲደመር ከ40 ኪሎ በላይ ይሄዳል። የጭቃ ግድግዳ ላይ ቡሎን ብትመታ ጭቃውን ነው የሚይዘው፣ ይዞት ይወርዳል። የግድግዳውን ማገር ሳይሆን ቋሚውን እንጨት ፈልግ፣ ሁለት ቋሚ ላይ አግድም ወፍራም ጣውላ ወይም የአንግል ብረት እሰርና በእሱ ላይ ስቀለው። ከዚያ የተሻለው ደግሞ ከወለል የሚነሳ የብረት መቆሚያ ማሠራት ነው። ክብደቱ ግድግዳው ላይ አያርፍም።

ቀዳዳውን በሲሚንቶ አትድፈነው። ጭቃ እርጥበት ሲይዝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ አብሮት አይንቀሳቀስም። ዙሪያውን ይለቅና ያ ክፍተት የውሃ መግቢያ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ጭቃው ከውስጥ እየሟሟ እንኳን አታየውም፣ ልስኑ ሸፍኖታል። በራሱ በጭቃ ድፈነው። የግድግዳህን ዓይነት አፈር፣ ጭድ ጨምረህ፣ አቡክተህ አሳድረው፣ በማግስቱ እንደገና አቡክተህ ምታው። ፒቪሲ ሸሚዙ ለአንተ ከሆጤዋ እህት የበለጠ ግዴታ ነው። ከግድግዳው በውጭ በኩል ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ወጣ ይበል፣ ቢያፈስ ውሃው ግድግዳው ላይ ሳይሆን ደጅ ይንጠባጠብ። መጋጠሚያ የሚባል ነገር ግድግዳው ውስጥ አይኑር፣ ኤልቦውም ዩኒየኑም (የሚፈታው ማገናኛ) ውጭ በሚታይ ቦታ።

ሐይቅ ዳር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። አባቴም ጭቃውን በጭቃ ነው ያለኝ፣ እኔ ነኝ ሲሚንቶ ይሻላል ብዬ የተከራከርኩት። መቆሚያውን አሠራለሁ።

ከሚሴ ቆርቆሮ

አሰላሙ ዐለይኩም። እኛ ጋ ፀሐይ ስላለ የሶላር ማሞቂያ ጣሪያ ላይ አስቀምጠናል። ቧንቧው ቆርቆሮውን በስቶ ነው የሚወርደው። በሲልኮን ዘግተነው ነበር፣ ዝናብ ሲመጣ ያፈሳል። ለዚህስ?

ቧንቧ ሠሪው (ኮምቦልቻ)

ወዐለይኩሙሰላም። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይግላል፣ ማታ ይቀዘቅዛል፣ በንፋስም ይንቀጠቀጣል። ሲልኮን ብቻውን አይቆምበትም። ከላሜራ ቆብ አሠራ። ቧንቧውን የሚያቅፍ አንገት ያለው፣ የላይኛው ጠርዙ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር የሚገባ። ውሃው በቆቡ ላይ ተንሸራትቶ ይሄዳል። ሲልኮኑ ያኔ ረዳት ነው እንጂ ዋና አይደለም። የሚቻል ከሆነ ቀዳዳው በቆርቆሮው ሞገድ ጉብታ ላይ ይሁን፣ ውሃ የሚፈስበት ገንዳው ላይ አይሁን።

ሌላ፣ ከሶላሩ ወዲያው የሚወጣው ቧንቧ ፒፒአር ነው? የሶላር ውሃ ማንም ሳይጠቀምበት ሲውል ከ90 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ፒፒአር ለዘወትር የሚሠራው እስከ 70 ነው፣ 95ን የሚችለው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሜትር በብረት አድርገው። ፀሐይ የሚያገኘውንም ልባስ አልብሰው።

ሊድስ ያለች የቦሩ ልጅ

ሰላም የሀገሬ ልጆች። እኔ እንግሊዝ ነው ያለሁት፣ የተወለድኩት ቦሩ ሜዳ ነው። ይህን ሳነብ አንድ ነገር መጻፍ ግድ ሆነብኝ፣ ብዙ የእኛ ሰው እዚህም ቤት ውስጥ ራሱ ስለሚጠግን።

እዚህ ቦይለር ማለት አብዛኛው በጋዝ የሚነድ ነው። ከእሱ የሚወጣ ወፍራም ቧንቧ አለ፣ ውሃ አይደለም፣ የተቃጠለ ጋዝ ማስወጫ ነው። በዚያ ዙሪያ ክፍተት አየሁ ብላችሁ በፎም ወይም በጨርቅ እንዳትደፍኑት። የሚገባው ሙቀት የሚችል ማሸጊያና ባለሙያ ነው። ሕጉም እንደዚያ ነው፣ የጋዝ ቦይለር የሚነካው ጋዝ ሴፍ በተባለው መዝገብ ላይ የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ክፍተቱ ጢሱን ወደ ቤት ካስገባ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው የሚገባው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ሀገር ቤት ሰው በር ዘግቶ ከሰል አስገብቶ ሲተኛ የሚገድለው ያው ነው። እዚያም በጋዝ ሲሊንደር የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚሰቅል ሰው ካለ፣ አየር መግቢያውን ለብርድ ብሎ እንዳይዘጋ ንገሩት።

መብራት ሠሪ ወልድያ

ጥሩ አነሳሽ እህታችን። በጋዝ የሚነደውና በመብራት የሚሠራው ለየቅል ነው። የመብራቱ ጢስ ስለሌለው በዙሪያው ያለውን ቀዳዳ ሁሉ መዝጋት ትችላላችሁ፣ ከቫልቯ አፍ በቀር። የጋዙን ግን አየር መግቢያና መውጫውን አለመንካት ነው።

የሆጤ ልጅ

ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለ ምክር አላገኘሁም። ሶፍቱን ጠቅልዬ አየሁት። ሁሉም ደረቅ ነው። ቧንቧውን ተከትዬ በውጭ በኩል ሳይ ደግሞ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ግድግዳውን እየመታ በቀዳዳው ሥር ነው የሚያልፈው። እርጥበቱ ከዚያ ነው።

ኤሌክትሪሻኑ መጥቶ ገመዱን ከላይ በኩል ለብቻው አሳለፈው። የመሬት ገመዱ ማከፋፈያው ሳጥን ውስጥ ተቆርጦ ተጠቅልሎ ነበር። ደንግጬ ነው የቀረሁት። አስተካክሎታል፣ ዘንግም ግቢ ውስጥ ቀብሯል።

የቀረኝ ሳጥኑ ነው። ፍሌክሲብሎቹንና ቫልቯን ሸፍኜ እንዲያምር ፈልጌ ነበር። ይቻላል?

ቧንቧ ሠሪው (ኮምቦልቻ)

የመሬቱ ገመድ በጊዜ ተገኘ፣ አላህ ጠበቃችሁ።

የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ አዙሪው፣ እሱ ካልተስተካከለ የትኛውም ድፍን አይቆምም። ግድግዳው ደርቆ እጅሽ ሲዳስሰው ቅዝቃዜ እንጂ እርጥበት እስከማይሰማው ድረስ ጠብቂ።

ሳጥኑ ይቻላል፣ ግን ሦስት ነገር። በጂፕሰም ቦርድ አይሁን፣ እርጥበት ይበላዋል። በፒቪሲ ሰሌዳ ወይም በአሉሚኒየም ይሁን። በር ይኑረው፣ ያለ መሣሪያ የሚከፈት። ፍሌክሲብል ዘላለማዊ ነገር አይደለም፣ ቫልቯም በየወሩ አንዴ ማንሻዋን ከፍ አድርጎ ውሃ ማስወጣት አለ፣ ካልሆነ የውሃው ነጭ ድንጋይ ያጣብቃታል። በሴራሚክ አሽገሽው ማን ይደርስበታል? ሦስተኛ፣ የቫልቯ ቱቦ ጫፍ ከሳጥኑ ውጭ የሚታይ ይሁን። ጠብታው ሲበዛ ወይም ጭራሽ ሲቆም እናትሽ እንድታይ። ስትሞቅ ምንም ጠብ ካላለች እሱም ምልክት ነው፣ ቫልቯ ተጣብቃ ሊሆን ይችላል፣ አስፈትሿት።

ጦሳ ግርጌ

ጋሼ፣ በየወሩ ስትከፈት ፈላ ውሃ አይረጭም?

ቧንቧ ሠሪው (ኮምቦልቻ)

ከቀዝቃዛው በኩል ስለሆነች መጀመሪያ የሚወጣው ቀዝቃዛ ነው፣ ብዙ ካቆየሃት ግን ሊሞቅ ይችላል። ቦይለሩን አጥፍቶ፣ ቱቦው ወደ ማፍሰሻው መግባቱን አይቶ፣ ለአንድ አፍታ ከፍቶ መዝጋት ነው። ፊትህን ከፊቷ አታድርግ።

የሆጤ ልጅ

ጋሼ የመጨረሻ ጥያቄ። ክዳኑን ከለጠፍኩ በኋላ ቦይለሩን መቼ ላብራው? እናቴ ሙቅ ውሃ ከለመደች ወዲህ አንድ ቀን እንኳ መቅረት አትወድም።

ፒያሳ ሱቅ

ሲልኮኑ ከላይ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይቆዳል፣ ውስጡ ግን በ24 ሰዓት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚደርቀው። በደሴ ብርድ ደግሞ ይዘገያል። ቀጭን መስመር ከሆነ ከአንድ ቀን በኋላ ውሃ ይንካው። ከመቀባትሽ በፊት ሴራሚኩን በአልኮል ጥረጊ፣ ሳሙና ካለበት አይይዝም። ጠርዙ ቀጥ እንዲል ግራና ቀኝ የወረቀት ፕላስተር ለጥፊ፣ ሲልኮኑ ሳይቆዳ ንቀዪው።

ቧንቧ ሠሪው (ኮምቦልቻ)

ሲሚንቶውን ጠዋት ምቺ፣ ማታ ቦይለሩን ማብራት ትችያለሽ፣ ቧንቧው ሸሚዙ ውስጥ ስለሆነ ሲሚንቶውን አይረብሸውም። ክዳኑን የምትለጥፊበትን ቀን ግን እናትሽ ከሱብሒ በኋላ ስትጨርስ ጀምሪ። የዚያን ቀን ቀሪውን ውሃ ቀድመሽ በፔርሙስ ያዢላት።

የሆጤ ልጅ

እሺ ጋሼ። አሸንዳው ነገ ይሠራል፣ ግድግዳው ሲደርቅ እጀምራለሁ። ቀለበት ክዳኑን ፒያሳ ፈልጌ ለ20 ሚሊ አገኛለሁ ወይ?

ፒያሳ ሱቅ

ታገኛለሽ። የቧንቧውን ቁራጭ ይዘሽ ሂጂ፣ አንዳንዱ ለብረት ግማሽ ኢንች ነው የሚሠራው፣ እሱ ትንሽ ይሰፋል።